የአዮ ዲሜ ጣሳ

ኅዳር 10፣ ዓርብ። ከት/ቤት መልስ።

ሙኒ፣ ዛሬም ኮንጎ ጫማሽን ከበሩ ሥር አላነሣሁትም። እማዬም አላነሣችውም። ሁለታችንም እየዘለልነው እንገባለን፣ እየዘለልነው እንወጣለን። ቀዩ ጭቃ ላዩ ላይ ደርቋል። አንቺ ብታዪው፣ "ከድር፣ ይሄ ቤት ነው በረት?" ብለሽ ትጮኺብኝ ነበር።

የባዮሎጂ ፈተና ተመለሰልን። አንደኛ ወጣሁ እንዳልልሽ ሁለት ሴቶች በልጠውኛል። ሳቂ።

የአማርኛ መምህራችን የዕለት ማስታወሻ ጻፉ ብለውናል። "ማስታወሻዬ ሆይ" ብላችሁ ጀምሩ አሉ። ሞከርኩ። አሳቀኝ። ደብተር ምኔ ነው? ለአንቺ ብጽፍ ይሻለኛል። ለእሳቸው የማሳየው ሌላ እጽፋለሁ። ስለ ቀበሌ ጽዳት ዘመቻ።

ከቀበርንሽ ሁለት ሳምንት ሆነ። ተስቦ ነው አሉ። ሰውን ሁሉ ሆስፒታል ስታመላልሺ ከርመሽ የራስሽን ጊዜ "ድካም ነው፣ ያልፋል" ብለሽ ተኛሽ። በዚህ ተቀይሜሻለሁ። ሌላ ቀን እንጣላለን። ዛሬ ደክሞኛል።

እማዬ እዚሁ ናት። አገር ቤት፣ አጋሮ በኩል፣ ቡናው ቀልቷል፣ አባዬ ብቻውን ለቀማ ጀምሯል። ስትመለስ እኔንም ልትወስደኝ ነው። ቤቱን ለቀበሌ እንመልስ ትላለች። እኛ መንደር አሥራ አንደኛ ክፍል የለም ስላት፣ አንድ ዓመት ብታርፍ ምናለ አለችኝ። ማረፍ! እኔ ምን ሠራሁና። ግን ፊቷን አይቼ ተውኩት። ብቻህን አትሆንም ነው ነገሩ። የምትፈራው ሌላ ልጅ እንዳይሞትባት ነው።

ኅዳር 11፣ ቅዳሜ።

ቡና ማበጠሪያው መጋዘን ሄድኩ። ጋዋንሽን ላመጣ። ሴቶቹ ሲያዩኝ ሰፌዳቸውን አስቀምጠው አለቀሱ። እኔም። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አፍንጫዋን ጠረገችና እግሬን ለሁሉም አሳየች። "እዩት ይሄን ቅልጥም! የሙኒ ደመወዝ እኮ ነው ቆሞ የሚሄደው!" ለቅሶው መሃል ሳቁ። የወሎ ሰው እንዲህ ነው ትዪያት ነበር፣ አይደል? እውነትሽን ነው።

አንቺ የምታውቂውን መልሼ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም ሙሉውን የሰማሁት ገና ዛሬ ነው። ማኅበራችሁ ከየአባሉ በየወሩ እንደሚሰበስብ፣ የታመመች አባል ካርድና መድኃኒት ከዚያ እንደሚከፈል አውቅ ነበር። አንቺ የሕክምና ተጠሪ መሆንሽንም። ተጠሪ ማለት ግን ወረቀት ላይ መፈረም መስሎኝ ነበር።

አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ቀጠለች። ሐኪሙ ያለውን በኦሮምኛ፣ ታማሚዋ ያለችውን በአማርኛ ታስተረጉሚ ነበር። አንዷን ክሊኒክ የሰጣትንና ሆ/ል የሰጣትን አንድ ላይ ስትውጥ አገኘሻት፣ ለካ በሁለት ስም አንድ ክኒን ነው፣ ሮጠሽ ሐኪሙን ጠየቅሽ። አንዷ ዓይኗን ትታከማለች፣ ደሟም ከፍ ይላል፣ ሁለቱ ሐኪሞች አይተዋወቁም። አንቺ በመሃል ሆነሽ አስተዋወቅሻቸው። አሮጊቷ ለቃሚ አዮ ዲሜ ዘንድ ደግሞ ሼኩ የሰጧቸው ጥቁር አዝሙድ በማር አለ። ጣሉት አላልሽም። ሼኩ ዘንድ ሄደሽ፣ ማሩ ማታ ይሁን፣ የሳንባው ክኒን ጠዋት ብለሽ ተስማማሽ። ሼኩም ክኒኑን መረቁት አሉ። ይህን ሁሉ እያደረግሽ ማታ ቤት ገብተሽ "ዛሬ ምንም አልሠራሁም፣ እግሬን ብቻ አመመኝ" ትዪኝ ነበር።

ስወጣ እትዬ ብርቄ እስከ በሩ ሸኘችኝ። አዮ ዲሜ ከለቅሶሽ ወዲህ ሥራ አልመጡም አለች። ሳላቸው ተመልሷል። ማን ሄዶ ይያቸው ተባብለው ሁሉም አንቺን ጠብቀዋል፣ ልማድ ሆኖ። እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

ኅዳር 13፣ ሰኞ።

ከት/ቤት በቀጥታ ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ አዮ ዲሜ ቤት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። የልጅ ልጃቸው ሰሚራ በር ላይ ጠጠር ትጫወታለች። አየችኝ፣ ከዚያ ከኋላዬ አየች። አንቺን ነው የምትፈልገው። ማንም እንዳልተከተለኝ ስታውቅ ወደ ጠጠሯ ተመለሰች።

አዮ ዲሜ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ከሰላምታቸው በፊት ሳላቸው ተቀበለኝ። ከዚያ ምርቃት፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በዓረብኛ።

"ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ና ቁጭ በል። በልተሃል?"

በልቻለሁ አልኩ።

"ውሸታም። አንገትህ የሽመላ ሆኗል።" ቆሎ ሰጡኝ።

ስለ ክኒኑ ጠየቅኋቸው። አልቋል አሉ። ማለቅ የለበትም። የወሩን ክኒን አንቺ ከመተኛትሽ ጥቂት ቀን በፊት አብራችሁ ነው ያመጣችሁት፣ እትዬ ብርቄ ነግራኛለች። ሳጥናቸውን ከፈቱ። ክኒኑ አለ! ከነወረቀቱ። ያለቀው ቡናው ነው።

ይህን ነግረሽኝ አታውቂም ነበር። አንድ የወተት ጣሳ አሳዩኝ። ለወሩ ቀን የሚበቃ ጥሬ ቡና ቆጥረሽ ትጨምሪበታለሽ። በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ያወጣሉ፣ ክኒናቸውን ይውጣሉ። ፍሬ ካልወጣ ክኒን የለም። ክኒን ካልተዋጠ ፍሬ አይወጣም። ጣሳው ባዶ ሲሆን አንቺ ትመጫለሽ፣ ሆ/ል ትሄዳላችሁ፣ አዲስ ክኒን፣ አዲስ ቡና። ፊደል አልቆጠሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን የቡና ፍሬ አንድ በአንድ ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው። በቡና አይሳሳቱም።

ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ? የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ ፈቱ። ያን ቀን፣ ወሬሽ ሲደርስ፣ በቤታቸው ሌላ ቡና አልነበረም። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ጣሳውን ሻሻቸው ላይ ገለበጡት።

ሙኒ፣ የመድኃኒታቸውን ቀኖች ቋጥረው አመጡልሽ። እኛ ቆልተን ጠጣነው።

"ጣሳው ባዶ ሲሆን የምትመጣው እሷ ናት" አሉኝ። "ጠበቅኋት። እንዲህ አትየኝ፣ አልሳትኩም። እንደማትመጣ አውቃለሁ። መጠበቁ ግን አልለቅ አለኝ።"

አሁኑኑ ልሙላልዎት ብዬ ተነሣሁ። እጄን ያዙኝ። "ላኪ፣ አይሆንም። ያቺ ለጋ ልጅ አፈር ገብታ እኔ አሮጊቷ ክኒን እየዋጥኩ ልወፍር? አላፍርም?"

ቆሎውን ጨርሼ ወጣሁ። አንቺ ምን ትዪ ነበር? እዚህ ጋ ብትነግሪኝ።

ኅዳር 15፣ ረቡዕ።

በምሳ ሰዓት ሆ/ል። የሳንባ ክፍሏ ሲስተር ስሜን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። "ባዮሎጂው አንተ ነህ?" እንዲህ እያልሽ ነው ለካ ስለኔ የምታወሪው! አፈርኩ። ደስ አለኝ። ሁለቱም።

የአዮ ዲሜን ነገር ነገርኋት። አልተቆጣችም፣ ግን ፊቷ ተለወጠ። ይህ በሽታ መሃል ላይ ሲያቋርጡት ተመልሶ የሚመጣው ከፍቶ ነው አለች። መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። ሕፃን አብራቸው ትተኛለች ወይ አለችኝ። አዎ፣ ሰሚራ። ባንድ አልጋ። ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩና ሰኞ ጠዋት ይምጡ፣ አክታቸው ይታያል አለች። ቶሎ።

ከዚያ ስላንቺ አወራችኝ። እዚህ ሰልፍ የሚያዘው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው ተራውን በድንጋይ ይይዛል። ድንጋይ ደግሞ ድንጋይ ነው፣ ይሄ የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው፣ ጠብ። አንቺ ግን አንድ እግር ሰማያዊ ጫማሽን ታስቀምጫለሽ፣ በሌላው እግርሽ እያነከስሽ አዮ ዲሜን ልታመጪ ትሄጃለሽ፣ ቆመው መጠበቅ አይችሉምና። ሰው እየሳቀ ጫማሽን ወደፊት ይገፋልሻል። አንድ ቀን ሐኪሙ በሩን ከፍተው፣ "ቀጣዩ ታማሚ ጫማ ነው?" አሉ አለች።

ስቄ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን አለቀስኩ። ከምሳ በኋላ ካለው ክፍለ ጊዜ ቀረሁ። አትቆጪ።

ኅዳር 18፣ ቅዳሜ።

ጠዋት የቀበሌ ጽዳት። ቦይ ጠረግን። ከሰዓት አዮ ዲሜ ዘንድ፣ ተዘጋጅቼ።

የሳንባ ሥዕል ሥዬ ሄድኩ። በቀይና በሰማያዊ። አስረዳኋቸው፣ አየር በየት እንደሚገባ፣ ተሕዋሲው የት እንደሚደበቅ። በጽሞና ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ፣ "ይሄ የበግ ነው የሰው?" አሉኝ። ሰሚራ ሥዕሉን ለአሻንጉሊቷ አለበሰችው።

ጥሬ ቡናም ከሱቅ ገዝቼ ነበር። ጣሳውን ልሞላ። እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩ። ምን አደረጉ መሰለሽ? መልቀም ጀመሩ። "ይሄ ጥቁር ነው። ይሄን ነቀዝ በልቶታል። ይሄ ሳይበስል የተለቀመ። ይሄ ደግሞ ቡናም አይደል፣ ጠጠር ነው። ለማን ነው ይሄን የሸጡልህ፣ ለተማሪ?" መጨረሻ ላይ መዳፋቸው ላይ የቀረው ለአንድ ሳምንት አይበቃም። "የሙኒ ቡና እንከን አልነበረበትም" አሉና መለሱልኝ።

የሰሚራን ነገር ስነግራቸው ግን ቀልዱን ተዉ። ለብቻዋ አነጥፍላታለሁ አሉ። ክኒኑን ግን፣ ነገ። ሁልጊዜ ነገ።

ኅዳር 21፣ ማክሰኞ።

ትናንት ሰኞ ነበር። አልሄዱም። ቤታቸው ስሄድ እንቅልፍ ወስዷቸዋል አለች ሰሚራ። ዓይናቸው ሲርገበገብ አየሁ። ምን ልበል? "ተኝተው ነው ወይ" ብዬ ጠየቅሁ። "አዎ" አሉ።

ሲስተር ከሚቀጥለው ሰኞ አያልፍ ብላለች። እማዬ ዕቃ መቋጠር ጀምራለች። የአንቺን ብርድ ልብስ ከታች፣ የኔን ደብተሮች ከላይ። ደብተሮቼን ማታ ማታ አወጣቸዋለሁ። ጠዋት ትመልሳቸዋለች።

ኅዳር 27፣ ሰኞ።

ዓርብ ለታ ቃል ገብተውልኝ ነበር። "ሰኞ፣ ወላሂ፣ ካልሞትኩ።" ገና ሳይነጋ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። ሰሚራ ጎረቤት ናት። አያትሽስ? አዌቱ ወንዝ ልብስ ሊያጥቡ ወርደዋል። በዚህ ብርድ! በዚያ ሳል!

ወንዝ ድረስ ወረድኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው አንድ ሻሽ፣ እሱም ንጹሕ። አየኋቸው፣ አዩኝ። ተናደድኩ ሙኒ፣ ልጮኽ ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ።

"አንተን ስትመጣ ሳይ እሷን አያለሁ። አረማመድህ የሷ ነው። እንዴት አድርጌ ከኋላህ ልሂድ?"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ውሃውን አየን። ሻሹን ጨመቅሁላቸውና ወደ ቤት መለስኋቸው። ሲስተር ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። አንድ ሳምንት ጨመረችኝ። የመጨረሻ ናት። ከዚህ ካለፈ የነበረው ሁሉ ይቀራል፣ ሕክምናው ከመጀመሪያው ይሆናል፣ እሱም መድኃኒቱ ከታዘዘላቸው።

ማታ ለእማዬ ነገርኋት። ሁሉንም። ስለ ጣሳው፣ ስለ ክኒኑ፣ ሻሻቸው ላይ ገልብጠው ስላመጡት ቡና። እስካሁን ያልነገርኋት ስምሽን መጥራት ስለፈራሁ ነው። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብቻ አለች፦ "በሻሽ ጫፍ ቋጥረው የመጡት?"

አዎ፣ እሳቸው።

"አይቻቸዋለሁ።"

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ኅዳር 29፣ ረቡዕ። ይህን ቀን በደንብ ልጻፍልሽ።

እማዬ ከመጣች ወዲህ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ ከት/ቤት ስመለስ ሻሿን አስራ፣ ዘንቢል ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰፌድሽን በብብቷ ይዛለች። ውሰደኝ አለች። ጫማሽን ግን ስንወጣ አልዘለለችውም፣ ዞራው አለፈች።

አዮ ዲሜ ሲያዩዋት ሊነሡ ሞክረው አልቻሉም፣ እሷ ዝቅ አለችላቸው። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔና ሰሚራ ውጭ ጠጠር ተጫወትን። በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉ ይሰማል። በኦሮምኛ ነው የተነጋገሩት።

ለቅሶው ሲበርድ እማዬ፣ "ብድር አለብኝ፣ ልመልስ መጣሁ" አለች።

"የምን ብድር፣ ሃደ ሙና?" ሃደ ሙና አሏት፣ የሙና እናት። ከሞትሽ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠራት አልነበረም።

"ለልጄ ለቅሶ ቡና አምጥተዋል። ከመጣው ሁሉ የጠራው የእርስዎ ነበር። የጓሮዬን ቡና መሰለኝና፣ ማነው እንዲህ የሚለቅም ብዬ ነበር። ለካ ራሱ ኖሯል። ልጄ ናት ከቤት እየዘገነች የወሰደችው።"

"ታዲያ የለቅሶ ብድር የሚመለሰው በለቅሶ ነው። እኔ ገና አልሞትኩም!"

"እሱን ነው የምልዎት። አጋሮ ሩቅ ነው። ቡና ደርሶብኛል፣ ባሌ ብቻውን ነው። የእርስዎን ቀን ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? ዛሬ ይቀበሉኝና ልሂድ።"

ሰሚራ ጠጠሯን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ አዮ ዲሜ ሳቁ። ያ ሳቅ ወደ ሳል ሄደ፣ ሳሉ ወደ ለቅሶ። "ያ ረቢ! የሞቴን ብድር በቁሜ ተቀበይ ትለኛለች!" እማዬም ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆየሁ፣ ሙኒ፣ ረስቼው ነበር ድምፁን። ያንቺ ነው።

ከዚያ አዮ ዲሜ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አፈርኩ አሉ። አንቺ ሄደሽ እሳቸው በመቅረታቸው። ለኔ የነገሩኝን ነገሯት።

"የቀረኝ መንገዷ ነው" አለች። "ከቤቷ እዚህ፣ ከዚህ ሆ/ል። በእግሯ የሄደችበት። ልጄ ይሄዳል በዚያ መንገድ። እርስዎ ከተዉት ግን ማን ዘንድ ይሄዳል? እሱንም ይዘጉብኛል?"

ልጄ ያለችው እኔን ነው።

ዘንቢሏን ሰፌዱ ላይ ገለበጠች። የኛ ጓሮ ቡና። አዮ ዲሜ ላለማየት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሰፌዱን ወደ ጭናቸው ሳቡት። ጣቶቻቸው መሮጥ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልጣሉም። እማዬ ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ ትጠብቃለች።

"አገኘሁ!" አሉ በመጨረሻ። አንዲት የተሰበረች ፍሬ። ብርሃን ላይ ይዘው ለሁላችንም አሳዩን።

"ይጣሉት" አለች እማዬ።

የቀረውን እየቆጠሩ ጣሳው ውስጥ አስገቡ፣ ሰሚራም አብራ እየቆጠረች። መጨረሻ ላይ አንዱን መልሰው አወጡ። ክኒናቸውን በውሃ ዋጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አዌቱ ድልድይ ላይ እማዬ ቆመች። ቤቱን አንመልስም አለች። እስከ ሰኔ። እራት እትዬ ብርቄ ዘንድ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አጋሮ እንድመጣ። ከታመምኩ፣ ትንሽ ራሴን እንኳ ካመመኝ፣ "ያልፋል" ካልኩ፣ ራሷ መጥታ እንደምትገድለኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ።

ማኅበሩ ተሰብስቦ በቦታሽ ሰው መረጠ። እትዬ ብርቄ! አልፈልግም ብላ ተነሣች፣ "እኔ ሐኪም ፊት ስቆም የራሴን ስም እረሳለሁ፣ ኦሮምኛዬም ገበያ ላይ ነው የሚሠራው" አለች። ጓድ ሊቀ መንበሩ ስብሰባው ቀልድ እንዳይሆን አሳሰቡ። በአንድ ድምፅ አለፈ። ከስብሰባው በኋላ ያዘችኝ። ሙኒ ምን ምን ትጠይቅ ነበር አለችኝ። የሰማሁትን ነገርኋት። ምን እየወሰዱ ነው? ሌላስ ማን ምን ሰጠዎት? ቀጠሮው መቼ ነው? ማን ያደርስዎታል? ደጋግማ በቃሏ አለችው። አዮ ዲሜን ለኔ ተዪልኝ አልኩ። "እሳቸውን ማን ይነካብሃል፣ ይውሰዱህ!" አለች።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ።

እማዬ ሄደች። መኪናው ሞልቶ ከጆንያ ላይ ነው የተቀመጠችው። አላለቀሰችም። እኔም። መኪናው ሲነሣ ግን "ጋቢህን ልበስ!" ብላ ጮኸች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ቤቱ ሰፋ። አልጋሽ ላይ አልተቀመጥኩም። እትዬ ብርቄ ሽሮ ላከችልኝ። ነገ ሰኞ ነው።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ። ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር።

ብቻዬን ነቃሁ። ዶሮ አልጮኸም። ለትንሽ ጊዜ እማዬ ውጭ ያለች መሰለኝ፣ ከዚያ አንቺ። ከዚያ ማንም። ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጋቢዬን ለበስኩ፣ ይታወቅልኝ።

በሩን ስከፍት ጫማሽ አለ። አልዘለልኩትም። የቀኙን አነሣሁ። ግራው ቀረ።

ሆ/ል ስደርስ ሰልፉ ተጀምሯል። ድንጋዮች፣ አንድ ጆንያ፣ አንድ ጀሪካን። ጫማሽን ከጀሪካኑ ኋላ አስቀመጥኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አንዱ ጫማውን አዩና፣ "ኤዬ፣ መጣች! ጠፍታ ከርማለች እኮ። የት ሄደች?" አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ነገር ወጣ። "አዮ ዲሜን ልታመጣ" አልኩ። ሮጥኩ።

አዮ ዲሜ ለባብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው በር ላይ ቆመው ነበር። ቆመው! ክንዴን ያዙ። በየወፍጮ ቤቱ፣ በየጥጉ እያረፍን። "አትሩጥ፣ እሷም ትሮጥ ነበር" ይሉኛል። ሳይስሉ የሄድንበት ጊዜ ነበር፣ አጭር፣ ግን ነበር።

ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ግቢው ሞልቷል። ጫማሽን ካስቀመጥኩበት አጣሁት። ከዚያ አየሁት። በሩ ሥር ነው፣ ከሁሉም ፊት። ጆንያው ከኋላው፣ ጀሪካኑ ከኋላው። ማን እንደገፋው አላውቅም። ሽማግሌው ወደ ሌላ ያያሉ።

አዮ ዲሜ አጎንብሰው አነሡት። "እንዲህ ጭቃ ሆኖ ሰው ፊት ይቀርባል?" አሉና በሻሻቸው ጫፍ፣ ያንኑ ቡናውን በቋጠሩበት፣ ጠረጉት። ሰማያዊው ወጣ።

ሲስተር በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው ጫማውን ነው። ከዚያ እሳቸውን። "ግቡ" አለች። አክታ ሰጡ። ክኒናቸውን እፊቷ ዋጡ። ከዚያ መዳፌን ዘርግቼ እንድቀበላቸው ጠቀሱኝና የዛሬዋን ፍሬ አስቀመጡበት። "ያዝ። ይህችን አትጠጧት።"

ት/ቤት የደረስኩት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ነው። ፍሬዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ጫማሽ በደብተሮቼ መሃል ቦርሳዬ ውስጥ። ማታ ግራውንም አጥቤ አንድ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ጣሳው ባዶ ሲሆን ጫማሽን እንፈልገዋለን።